ከበሩ በላይ ያለችው ሴት

ሥዕሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ኋላ ሰፈሩ ጥፋቱን ሁሉ በልጅቱ ላይ ሲጭን እኔ ዝም ብዬ ሰንብቻለሁና።

ልጅቱ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ዐረብ አገር ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ አምና ተመለሰች። እዚያ እያለች የአሠሪዋን ሴቶች ልጆች ፀጉር እየሠራች እጇን አፍታታለች። ወደ ከተማችን መካነ ሰላም ስትገባ በልቧ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሴቶች ፀጉር ቤት መክፈት። ከቤቴ ፊት ለፊት ያለውን ክፍል ተከራየች፣ ግድግዳውን ራሷ ቀባች፣ ትልቅ መስታወት አስገባች፣ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ከደሴ አስመጣች።

«እትዬ፣ ይኼ ካልሆነልኝ ተመልሼ መሄዴ ነው» ትለኛለች።

እንደ ቀልድ አድርጋ ነው የምትለው። እናቷ ግን ይህን በሰማች ቁጥር የሻርፗን ጫፍ አፏ ውስጥ ትከታለች። ከልጇ ጋር አብራ የሄደች የሰፈራችን ልጅ ነበረች፤ የእሷ ወሬ እስከ ዛሬ የለም።

እኔ በዚያን ጊዜ ለሰው የምሆን አልነበርኩም። የባለቤቴ አርባ ወጥቶ ገና ሁለት ወር አልሞላም። ፀጉሬን ተላጭቼ፣ ጥቁር ለብሼ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ደጄ ላይ እቀመጣለሁ። መንገደኛው ገና ከሩቅ ሲያየኝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ አንድ ቃል ሳልናገር ሐዘኔን አንብቦ ያልፋል። ባለቤቴ ቢኖር «አንቺም ታፔላ ሆነሽ አረፍሽው» ይለኝ ነበር።

የእሱ ሥራ ታፔላ መሥራት ነበር። በልጅነቱ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነበር፤ ዜማው አልገባ ሲለው የኔታ ለአንድ ሠዓሊ ሰጡት፣ በወግዲና በማሻ በኩል ያሉ ደብሮችን ግድግዳ ሲሥል አደገ። ቤተ ክርስቲያን ግን በየዓመቱ አይሣልም፤ ሱቅ ደግሞ በየወሩ ይከፈታል። ቅዱሳንን የለመደ እጁ በዚህ ምክንያት ወደ ሥጋ ቤትና ወደ ጎማ ጥገና ዞረ። ከደጎሎ እስከ ወግዲ እሱ ያልሠራለት ባለሱቅ ጥቂት ነው። እኔ አንደኛ ክፍል አስተምር ነበርና ፊደሉ የእኔ ድርሻ ሆነ። እሱ ሥዕሉን ይሥላል፣ እኔ ከሥር «ምግብ ቤት» ብዬ እጽፋለሁ።

«ያንቺን የሚያነበው የተማረ ነው» ይለኛል፤ «የኔን የሚያነበው የራበው ነው።»

እውነት ለመናገር ያን ጊዜ ይህ አባባሉ ያናድደኝ ነበር። ሕፃናትን ሀሁ ሳስተምር ውዬ የምገባ ሰው ነኝ፤ ማንበብ ማለት ፊደል ማወቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ አስቆመኝና ከአንድ ቤት ደጅ፣ ከእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ አሳየኝ።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«ጠላ አለ ይላል።»

«ማን አስተማረሽ?»

ማንም አላስተማረኝም። ጣሳው ጠላ አይመስልም፤ ዝናብ ያዛገው ባዶ ቆርቆሮ ነው። ነገር ግን አገሩ ሁሉ ያነበዋል፤ ተሳስቶ ዳቦ ልግዛ ብሎ የሚገባ የለም። ትንሽ ሄድ ብለን ሥጋ ቤቶቹ ጋ ስንደርስ፣ በአንዱ በር ላይ የሣላትን መስቀል፣ በሌላው በር ላይ የሣላትን ጨረቃ አሳየኝ። ሁለቱም ከመዳፍ አይበልጡም። ግን እያንዳንዳቸው «ይህን ሥጋ ማን ባርኮ አረደው» የሚለውን ሙሉ ነገር ይናገራሉ፣ እኛ አገር ደግሞ ይህን ሳያነብ ሥጋ የሚገዛ ሰው የለም። እዚያው ቆሜ ዙሪያዬን አየሁ። በየቀኑ የምመላለስበት መንገድ ዳርና ዳሩ ሁሉ ሲናገር የኖረ፣ እኔ ግን ገና ያን ዕለት የሰማሁት መሰለኝ።

ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ትልቁ ማስታወቂያ የተተከለ ጊዜም አብረን ሄደን አየነው። የአንድ ባንክ ነው። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆች፣ ከኋላቸው አዲስ ቤት። አራቱም እስከ መንጋጋቸው ይስቃሉ።

ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀባቸው። «በኛ ሥዕል ጥርሱን የሚያሳየው ጋኔን ብቻ ነው» አለ። «እነዚህስ ምን አግኝተው ነው?»

 ትንሽ ቆይቼ ዞር ብዬ አየሁት፤ ኮፍያውን አውልቆ ይዞታል።

«ፀሐይዋን አየሻት?» አለኝ ቀስ ብሎ።

አየኋት። የምትወጣዋ ፀሐይ ልክ ከአባትየው ራስ ጀርባ ነበረች።

«አክሊል አድርጎለታል» አለ። «እናቲቱንም ተመልከቻት፤ ሰማያዊ አልብሷታል። ልጁ ጣቱን ወደ ላይ አንሥቷል። ይህን የሠራው ሰው የኔታ ዘንድ አልተማረም፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ በኮምፒውተር ነው የሠራው። ማን ነገረው?»

ማስታወቂያው ላይ «ትባረካላችሁ» የሚል ቃል አልነበረም። ሥዕሉ ግን ሌላ ምንም አይልም ነበር። ከሚኒባስ የሚወርደው ሰው ሁሉ፣ ሻንጣውን እንደተሸከመ፣ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ሳያይ አያልፍም። ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም። እኔ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቤ ስጨርስ፣ እነሱ ዋናውን ነገር ይዘው ሄደዋል።

ይህን ሁሉ አይቼ፣ ይህን ሁሉ ተምሬ ነው እንግዲህ የተሳሳትኩት።

ልጅቱ ስልኳን ይዛ የመጣችው ከሰዓት በኋላ ነው። አጠገቤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። «ጋሼ ቢኖሩ እሳቸውን ነበር የማስቸግረው» አለችኝ። «ደሴ ያለው ማተሚያ ቤት ለባነር የሚሆን ሥዕል ልኮልኛል። እትዬ፣ የቷ ትሁን?»

በጣቷ እየገፋች አሳየችኝ። ስድስት ወይም ሰባት ሴቶች ነበሩ፤ ሁሉም ቆንጆዎች፣ ሁሉም ቀጥ ብለው ያዩኛል። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ዓይን ዓይኔን የሚያየኝን ሰው አልችልም ነበር። ሰው ትክ ብሎ ሲያየኝ ያለቅስልኛል ወይም ያስለቅሰኛል። ከሴቶቹ አንዷ ብቻ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ፣ ረጅም ፀጉሯን በትከሻዋ ለቅቃ፣ የሆነ ሩቅ ቦታ ትመለከታለች። እኔን አታየኝም።

«ይህቺ» አልኩ።

«ማሻአላህ! እኔም ልቤ እሷ ላይ ነበር!» ብላ ጉልበቴን ስማኝ ሄደች።

ባነሩ ተጠቅልሎ በሚኒባስ መጣ። ከበሩ በላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተወጠረ። ቀለሙ ያበራል፤ ፀጉሯ እንደ ሐር ነው። ከዚህ በፊት በመንገዳችን እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም።

ሰው ግን አልገባም።

እኔ ፊት ለፊት ነኝና ሁሉን አያለሁ። ሴቶች ከገበያ ሲመለሱ ይቆማሉ፣ ቀና ይላሉ፣ ያዩዋታል፣ ከዚያ እግራቸው ወደ ታችኛው መንገድ ወዳለው ወደ አሮጌው ፀጉር ቤት ያዘነብላል። አንድ ቀን ሁለት ወጣት ሴቶች እደጄ ቆመው ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«ቆንጆ ነው አይደል? ግቢ እስቲ።»

«አንቺ ቅደሚ።»

«እኔማ ልቤ አልወደደውም።»

«ምኑን?»

«እንጃ ባክሽ። ሌላ ቀን።»

ብዙም ሳይቆይ ወሬ ተጀመረ። ዐረብ አገር አኩርቷታል፣ ሰው ትንቃለች ተባለ። የሚገርመው ልጅቱ ከደጇ ቆማ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ እጅ የምትነሣ፣ የሽማግሌ ዕቃ ተቀብላ የምታሻግር ልጅ ናት። ንቀቷን ከየት እንዳዩት ማንም አልተናገረም። እሷ ግን ሰማችና ሰላምታዋን አበዛች፤ ሰላምታዋን ባበዛች ቁጥር ሰው ይብስ ጠረጠራት።

ለዒድ ይሞላል ብላ ነበር። ለዒድ ሦስት ሴቶች መጡ፤ ሁለቱ የአክስቷ ልጆች ናቸው።

ከዒድ በኋላ እናቷ እኔ ዘንድ መጣች። የሻርፗ ጫፍ አፏ ውስጥ ነው። «እቴ፣ ልጄ ልትሄድብኝ ነው» አለችኝ። «ደላላው መደወል ጀምሯል። ነገ ፓስፖርቷን ልታሳድስ ደሴ ትሄዳለች።»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አልኳት። 

በማግስቱ ጠዋት፣ ልጅቱ ደሴ እንደሄደች፣ አንዲት መነኩሲት ከኪዳን ሲመለሱ ሊያጽናኑኝ ጎራ አሉ። አጠገቤ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ሲያስተካክሉ ቀና አሉና ባነሩን አዩ። አማተቡ።

«በስመ አብ! ማነው ይሁዳን ከደጅ የሰቀለው?»

«ሴት ናት እኮ፣ እማሆይ።»

«ሴትም ትሁን። ሁለተኛ ዓይኗ የታለ?»

ደንግጬ ብድግ አልኩ። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጻድቃን፣ ሰማዕታት፣ መላእክት ሁሉ ፊታቸው ወደ እኛ ነው፤ ሁለቱም ዓይናቸው ይታያል። ይሁዳ፣ ሰቃዮቹ፣ ጋኔኑ ግን በጎን ይሣላሉ፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ክፉ ሰው ዓይን ለዓይን አያይህም ማለት ነው። ይህን ባለቤቴ ሺህ ጊዜ ነግሮኛል። እነዚያ «ልቤ አልወደደውም» ያሉት ልጆች በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ያንን ግድግዳ ሲያዩ አድገዋል። ማንም «አንድ ዓይን ክፉ ነው» ብሎ አላስተማራቸውም። ጣሳውን ማንም እንዳላስተማረኝ ሁሉ፣ ይህንንም ሳያውቁት አንብበውት ሄዱ። ቤተ ክርስቲያን ገብተው የማያውቁት ሙስሊሞቹም ቢሆኑ፣ ሰው እደጅህ መጥቶ ፊትህን ብታዞርበት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ግድግዳ አያስፈልጋቸውም። ልጅቱ ከታች ቆማ «ግቡ፣ ግቡ» ስትል፣ ከራሷ በላይ ያለችው ሴት ላገሩ ሁሉ ፊቷን ታዞርበት ኖሯል። ንቀቱን ያዩት እዚያ ነው።

መነኩሲቷ ከሄዱ በኋላ ብዙ ሰዓት ቆሜ የባነሩን ሴት አየኋት። ጥፋቴ አሳፈረኝ፤ ከእፍረቱ ግን ግርምቱ ይበልጥ ነበር። አንድ የፊት መዞር ከተማውን ሁሉ አዞረው። ያ ነገር ቃል የለው፣ ድምፅ የለው፤ ግን የሰባት ዓመት ላብ ሊበላ፣ አንዲትን ልጅ ባሕር ሊያሻግር ይችላል።

ልጅቱ በሦስተኛው ቀን ከደሴ ስትመለስ እናቷን ጠርቼ ሁለቱንም አስቀመጥኳቸው። የሆነውን ነገርኳቸው። ለምን እንደመረጥኳትም ጭምር፤ እኔን ስለማታየኝ እንደሆነ ነገርኳቸው።

ልጅቱ አፏን ከፍታ ሰማችኝና በሳቅ ፈነዳች። «እትዬ! እኔኮ ይኼን ሁሉ ቀን ጠረኔ ይሆን እንዴ እያልኩ ሽቶ ስደፋ ነበር!»

«እኔስ መጀመሪያ ብያለሁ» አለች እናቷ። «መጋረጃዋ የታለ? ፀጉሯን ላገር ዘርግፋው! የሰው ሚስት በምን ልብ ትገባለች?»

«እማዬ፣ ሥዕል ናት እኮ።»

«ሥዕልም ብትሆን ወንዶች ያያሉ።»

ሦስታችንም ስንስቅ ቆየን። ከቀብሩ ወዲህ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ ነውር መስሎኝ አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ሳቁ ሲበርድ ልጅቱ ወደ መሬት እያየች «ፓስፖርቱ በሦስት ሳምንት ይደርሳል ብለውኛል» አለች። ቀጥሎ ሁለቱም እኔን አዩ።

«እኔ ፊደል ብቻ ነኝ» አልኳቸው። «ዓይን ሠርቼ አላውቅም።»

«እኛስ ማን አለን?» አለች እናቷ።

የሥራ ክፍሉን ከቀብሩ ወዲህ አልከፈትኩትም ነበር። ስከፍተው የቀለም ማቅጠኛው የአኳራጅ ሽታ ወጥቶ ፊቴን መታኝ፤ የእሱ ልብስ፣ የእሱ እጅ፣ የእሱ ትራስ ሽታ ነው። በሩን ይዤ ቆየሁ። ብሩሾቹ ታጥበው በጨርቅ ተጠቅልለዋል። ጥግ ላይ አንድ የብረት ላሜራ ዝገት እንዳይዘው አንቲራስት ተቀብቶ ቆሟል፤ ለማን አስቦት እንደነበር አላውቅም። የቀለም ጣሳዎቹን ስከፍት ላያቸው ደርቋል። ቆዳውን በቢላ ስገፈው ግን ከሥሩ ቀለሙ እርጥብ ነበር፤ ያበራ ነበር።

ሞዴል እንድትሆነኝ መጀመሪያ ልጅቱን አስቀመጥኳት፤ አርፋ አልቀመጥ አለችኝ። እናቷን ለመንኳት።

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ? ኧረ ሥዕል ሀራም ነው ይላሉ!» አለች። ግን ሻሿን ታስተካክል ነበር። ትንሽ አሰበችና «እሺ፣ ዓይኔን ብቻ ውሰጂ» አለችኝ። «የቀረውን ከሌላ ሰው አምጪ።»

እንደዚያው አደረግኩ። አፍንጫው የማን እንደሆነ አላውቅም። ፊቷን ቀጥ አድርጌ አወጣኋት። ራሷ ላይ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም እንደምታስረው አድርጌ ሻሽ አሰርኩላት፤ ከግንባሯ በላይ የሹሩባዋ ጫፍ ብቻ ብቅ ይላል። መስቀልም ጨረቃም አላደረግኩም። ከጎኗ መጋረጃ፣ መጋረጃውን ዘግታ የያዘች እጅ ሣልኩ፤ ይህን ያዘዘችው እናቲቱ ናት። እጇን አራት ጊዜ አበላሽቼ አራት ጊዜ አጠፋሁ። ጣቶቹ አሁንም ቢሆን ወፍራም ናቸው።

ዓይኖቹን ባዶ ተውኳቸው። እሱም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው፤ ፊቱን ሁሉ ጨርሶ፣ ልብሱን ጨርሶ፣ ዓይኑን ለመጨረሻ ያቆያል። በዚያ ቀን አይናገርም፣ ምግብም በደንብ አይበላም። በቤተ ክርስቲያን ሲሠራ የለመደው ነው፤ ለፀጉር ቤትም ለሆቴልም አልተወውም። እኔ በልቤ «ለምግብ ቤት ታፔላ ይህን ያህል!» እያልኩ እስቅበት ነበር።

ዓይኑን የምሠራበት ቀን ሲደርስ እኔም አልበላሁም። የግራውን ሠራሁ፤ ክቡን፣ ከዚያ ጥቁሩን። አንድ ዓይን ብቻውን ሆኖ ሲታይ ያው ቀለም ነው። የቀኙን ጥቁር ስነካና ብሩሹን ሳነሣ ግን ላሜራው አየኝ።

ሌላ የምለው ቃል የለኝም። አየኝ። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ፤ ተከተለችኝ። ወደ ጥግ ሄድኩ፤ እዚያም አገኘችኝ። በእጄ ያለው ብሩሽ ላይ ገና እርጥብ የነበረ ቀለም፣ ከአፍታ በፊት ከጣሳ የወጣ ቀለም፣ አሁን እኔን ያያል፤ ማን እንደሆንኩ የሚጠይቀኝ ይመስላል። ባለቤቴ በሕይወቱ ስንት መቶ ጊዜ እዚህ ቦታ ቆሞ ነበር! ምን ይሰማው እንደነበር ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም። ወራት ሙሉ ከሰው ዓይን ስሸሽ ከርሜ፣ ራሴ በሠራሁት ተያዝኩ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና እሷ እያየችኝ አለቀስኩ፤ ፊቴን አልሸፈንኩም። ስጨርስ ተነሥቼ ከሥሯ «የሴቶች ፀጉር ቤት» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሉንማ እጄ ያውቀዋል።

ባነሩን ልጅቱ አወረደችው፤ እናቷ ማገዶው እንዳይበሰብስ ላዩ ላይ አለበሰችው፣ ፊቱን ወደ ታች አድርጋ። ላሜራውን እኔና ልጅቱ በመሰላል ሰቀልነው።

በገበያ ቀን ከወግዲ የመጣ ሚኒባስ መንገዳችን ላይ ሰው አወረደ። አንዲት ሴት ዘንቢል ይዛ በልጅቱ በር ልታልፍ ስትል ቀና አለች። ማንበብ እንደማትችል ገባኝ፤ ዓይኗ ፊደሎቹ ላይ አላረፈም። ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ በሁለት እጇ ሻሿን አስተካከለች፣ እንግዳ ቤት ከመግባቷ በፊት ባለቤቲቱ እንዳየቻት ሴት። ትንሽ ጎንበስ አለች፤ ላሜራውን እጅ ነሣች ብል ማንም አያምነኝም፣ ግን አይቻለሁ። ከዚያ የበሩን መጋረጃ ገልጣ ገባች። ከኋላዋ የነበሩት ሁለቱ ተያይተው ተከተሏት።

እኩለ ቀን ላይ ልጅቱ እጇ እንደረጠበ መንገዱን ተሻግራ መጣች። «እትዬ፣ መቀመጫ አለዎት? ሴቶቹ ቆመዋል እኮ!»

አግዳሚ ወንበራችንን በአንድ ጫፍ እሷ፣ በአንድ ጫፍ እኔ ይዘን አሻገርነው። ከባድ ነበር፤ መንገዱ መሐል ሁለት ጊዜ አሳረፍነው፣ አንድ ባጃጅ ቆሞ ጠበቀን። ስንደርስ የልጅቱ ስልክ መስኮቱ ላይ ይጮኻል። እሷ ወዲያው ወደ አንዲት ሴት ፀጉር ተመልሳ እጇ እስከ ክንዷ አረፋ ሆኗል።

«ማነው?» አለች።

እናቷ ስልኩን አነሣችና ራቅ አድርጋ አየችው። የደላላው ቁጥር ነው። ጆሮዋ ላይ አደረገችው፤ የሻርፗ ጫፍ ትከሻዋ ላይ ነበር።

«ሥራ ላይ ናት» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቤት ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ እንዲሰሙ።